ድንቢጥ የዘጋችው ሱቅ

ሰኞ

ሱቄን ልከፍት ሄጄ ሳልከፍት ተመለስኩ።

ከሆስፒታል ከወጣሁ የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ መሆኑ ነበር። የሐሞት ከረጢቴን አውጥተው ሰፍተውኛል። ስፌቱን ቤት በመስታወት አየሁት፤ ለሐኪሙ እኔ አፈርኩለት። ዕድሜ ልኬን ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እንዲህ የተጨማደደ ስፌት ባስረክብ ደንበኛ ልብሱን ፊቴ ላይ ነበር የሚወረውርብኝ። ቢሆንም ዳንኩ። ተመስገን ነው።

የሱቄ መዝጊያ ወደ ላይ እየተጠቀለለ ከበሩ አናት ያለው ሳጥን ውስጥ የሚገባ ብረት ነው። ቁልፉን ፈትቼ፣ ሆዴን በአንድ እጄ ደግፌ፣ ልስበው ጎንበስ ስል ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ምላጫቸውን እንደያዙ ዘለው ወጡና "አንቺ! እንዳትስቢው!" ብለው ጮኹ። መንገደኛው ሁሉ ዞረ። ስንት ዓመት ጎን ለጎን ስንሠራ "እንደምን አደሩ፣ እንደምን ዋሉ" ከመባባል አልፈን አናውቅም። እሳቸውም ደነገጡ።

"ይቅርታ፣ አንቺ አልኩዎት" አሉና በምላጩ ወደ ላይ አመለከቱኝ። ከሳጥኑ ቀዳዳ ገለባ ተንጠልጥሏል። ከገለባው ጋር ቀይ ክር። የኔ ክር!

"ድንቢጥ ናት። እርስዎ ተኝተው ሳሉ ገባች። መሰላል ላይ ወጥቼ አይቻለሁ፤ እንቁላል ጥላለች። መዝጊያው ከተጠቀለለ ጎጆው ይፈጫል።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"እሱን እንጃ" አሉ።

እሱን እንጃ! ለዚህ ነው እንግዲህ ምላጭ ይዘው የሚያስደነግጡኝ።

እጄን ግን መለስኩ። ከውስጥ "ጭርር" አለች፤ ልክ እኔ ሆስፒታል ሳለሁ ሌሊት ነርሷን በቀስታ እንደምጠራት።

ማክሰኞ

ወንድሜ ደወለ። "ከፈትሽ?"

"ልከፍት ነው ጋሼ።"

ሱቁ አባታችን ለሁለታችን ያወረሱን ነው። ወንድሜ ቢሮ ስለሚሠራ እስከ ዛሬ ጉዳዬ ብሎት አያውቅም ነበር። ከታመምኩ ወዲህ ግን ስልክ ለሚጠግን ሰው እናከራየውና አንቺ እኔ ቤት ገብተሽ እረፊ ይለኛል። ሚስቱ ደግ ናት፤ የሚሰጡኝም ክፍል ፀሐይ ይገባዋል። "አስቤበታለሁ" እለዋለሁ። አላሰብኩበትም።

አንድ ስምምነት አለን። የእሳት አደጋ መከላከያውን የሙዚቃ ባንድ የደንብ ልብስ ከሰልፋቸው በፊት ካደረስኩ ሱቁ በእጄ ይቆያል፤ ካላደረስኩ ይከራያል። ጨርቁ ከመታመሜ በፊት ተቆርጦ ውስጥ ተቀምጧል። ድሮ ገበያ ሲጠፋ "ወፍ የለም" እንል ነበር። አሁን ወፍ አለ፣ መግቢያ ነው የሌለው።

ረቡዕ፣ እየተቻኮልኩ

ገባሁ! ሁለቱ ሱቆች ድሮ አንድ ቤት ነበሩ፤ በመካከላቸው የታሸገ በር እንዳለ ጎረቤቴ ናቸው ያስታወሱት። በኔ በኩል ቁም ሳጥን ተደግፎበታል። ሁለት ደንበኞቻቸው፣ አንደኛው ግማሽ ጭንቅላቱ ብቻ ተላጭቶ፣ በሩን ሲገፉት ቁም ሳጥኔ እየጮኸ ሸሸ። አቧራ፣ ጨለማ፣ የጨርቅ ሽታ። መብራት አበራሁና የስፌት መኪናዬን ሽፋን ገለጥኩ። ላቅፋት ምንም አልቀረኝም።

ዓርብ

ሰው በወንዶች ፀጉር ቤት አልፎ ቀሚስ ሊለካ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ይመጣል። አንዷ ደንበኛዬ ዛሬ ፊታቸው በሳሙና በተሸፈነ ሰዎች መካከል እንደ ንግሥት አልፋ መጣችና "ምነው ከዚህ በፊት ይህን በር አልከፈትሽውም?" አለችኝ።

ጡረታ የወጡት የሳይንስ መምህር ጠዋት ጠዋት ጋዜጣ ሊያነቡ ፀጉር ቤቱ ይቀመጣሉ። ፀጉራቸውን በዓመት ሁለቴ ይስተካከሉ ይሆናል፤ ወንበሩ ግን የሳቸው ነው። ጎጆውን አንስተን ሌላ ቦታ ብናስቀምጠውስ ብዬ ጠየቅኳቸው።

"አይሆንም! ትተወዋለች" አሉ፤ ቀጥሎም ትምህርት ተጀመረ። ድንቢጥ ጫካ አትወድም። ሰው ቤት ሠርቶ እህል ማጠራቀም ከጀመረ ጀምሮ ከኋላው ስትከተል ኖራለች። ሰው የለቀቀውን መንደር እሷም ለቃ ትሄዳለች። ጎጆውን የሚጀምረው ወንዱ ነው፤ ቦታ ይይዝና ደጁ ላይ ቆሞ ቀኑን ሙሉ እየጮኸ ሚስት ይጠራል። ከመጣችለት በኋላ እንቁላሉን ተራ በተራ ይታቀፋሉ።

"ወንዱን በምን እለየዋለሁ?"

"ከአገጩ በታች ጥቁር ነው። ጥቁሩ በሰፋ ቁጥር በመንጋው ውስጥ ይፈራል፣ ይከበራል።"

"ይኸው!" አሉ ጎረቤቴ መቀሳቸውን አንስተው። "ሰው ሁሉ ጺሙን የሚያስረዝምብኝ ለካ ለዚህ ነው! እንጀራዬን የዘጋችው ድንቢጥ ናት!"

ሳቅሁ። ሆዴን አመመኝ። ስፌቱ ይጎትተኛል፤ መሳቅ ክልክል ነው ያለኝ ሐኪም ግን የለም።

እሑድ

ልጄ ከምትማርበት ከተማ ደወለች። ስለ ድንቢጧ ነገርኳት። ጎረቤቴ የጠረጉትን ፀጉር ደጅ ስለሚደፉት ጎጆዋን በሱ እንደደለደለችው፣ ከውስጡ የመምህሩ ሽበት ሳይቀር እንደሚታይ፣ ይህን ያወቅነውም ጎረቤቴ መሰላል ላይ ወጥተው ስላዩ እንደሆነ፣ ጎረቤቴ መሰላል ላይ ሲወጡ ጉልበታቸው እንደሚንቀጠቀጥ...

"እማዬ" አለችኝ፤ "የምትነግሪኝ ስለ ወፏ ነው ስለ ጎረቤትሽ?"

የዛሬ ልጆች ጨዋታ አያውቁም።

ማክሰኞ

ተፈለፈሉ! ሳጥኑ ውስጥ እንደ ቀጭን ዚፕ የሚጮህ ነገር አለ። እናትና አባት እየተመላለሱ አያርፉም። እኔም ኮሌታ ላይ ነኝ። የባንዱ ኮሌታ ቀጥ ብሎ የሚቆም ነው፤ ገበሩን እንቢ ይላል።

ሐሙስ

የባንዱ አለቃ ሊለኩ መጡ። ደረታቸው በር ያህላል። መለከት ነፊ ናቸውና አየር ሲስቡ ደግሞ የሁለት በር ያህላል። "ሳይነፉ ልለካዎ ወይስ እየነፉ?" አልኳቸው። "ሁለቱንም" አሉና ነፉ። ፀጉር ቤት ውስጥ አንድ ሰው ጆሮውን ሊቆረጥ ነበር።

ቅዳሜ

የኔ ጥፋት ነው።

እንጀራ ፈላጊዎቹን ልርዳ ብዬ ከመዝጊያው ስር የዳቦ ፍርፋሪ ስበትን ሰነበትኩ። አባትየው ለመልቀም ወረደ። ድመቷ ከቆመው መኪና ስር ነበረች። አየኋት፤ ጮኽኩ፤ አልደረስኩም። ጥቂት ላባ ብቻ ቀረ። ምግብ መሬት ላይ መበተን እንደሌለበት እንዴት አላሰብኩም? ያውም መምህሩ ጫጩቶች ዳቦ አይበሉም፣ ትል ነው የሚያሳድጋቸው ብለውኝ ነበር። ለሱ የጣልኩት ለራሴ ደስታ ነው። ሲለቅም ማየት ስለወደድኩ።

ተቀምጬ ለወፍ አለቀስኩ። ባለቤቴ ሲሞት ለቀስተኛ ላስተናግድ ስሯሯጥ እንዲህ ተቀምጬ አላለቀስኩም።

ጎረቤቴ መጡ። ላባውን ጠረጉት፤ ቀጥሎም ጠረጴዛዬ ላይ ሻይ አስቀመጡልኝ።

"ብቻዋን እንዴት ታሳድጋቸዋለች?" አልኩ።

"ድንቢጥ እንዳቅሟ በብር ትታገማለች ይባላል። እንደ አቅሟ ታደርጋለች። እኛም እንደ አቅማችን እናግዛታለን።"

"አንተ ደግሞ ምን ልታደርግ ትችላለህ? ትል ልትለቅም ነው?"

አፌን ያዝኩ። አንተ አልኩት። ከቶ አልተቀየመም፤ ጭራሽ ፈገግ አለ።

ሰኞ፣ እየተቻኮልኩ

ትል ለቅሟል! አትክልት ሻጯ ከምትጥለው ጎመን ላይ። የጺም ሳሙና በሚበጠብጥበት ኩባያ ይዞ መጣ። መሰላል ወጥቶ ድመት ከማትደርስበት ከሱቄ ማስታወቂያ ሰሌዳ አናት ላይ ደፋው፤ እኔ መሰላሉን ያዝኩ። በእርግጥም ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። እናትየው ገና ሳይወርድ መጣች።

ኩባያውን ምን እንዳደረገው አልጠየቅኩም። ደንበኞቹ እንዳይሰሙ።

ሐሙስ

ወንድሜ ሳይደውል መጥቶ ነበር አሉ። መዝጊያው እንደተዘጋ አይቶ ሄደ። ማታ ደወለልኝ፦ "ምነው እህቴ፣ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ካልቻልሽ አልቻልሽም ነው።" እየሠራሁ ነው ብለው አላመነኝም። በየት ገብተሽ አለኝ። በፀጉር ቤት፣ መዝጊያው ላይ ወፍ ጎጆ ስለሠራች አልኩት። ከዚያ "ትኩሳት አለሽ?" አለኝ።

ዓርብ ማታ

ይህን ጉድ ካልጻፍኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሌላ ወንድ መጥቷል።

ባሏ ከሞተ ገና ሳምንት አልሆነውም! ሳጥኑ ጫፍ ላይ ቆሞ ደረቱን ነፍቶ ሲጮህ ዋለ። ከአገጩ በታች ያለው ጥቁር የሟቹን ግማሽ አያህልም። እሷም አላባረረችውም። እንደዚህ ነው እንግዲህ! ተናድጄ አንዱን እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁት፤ ፈታሁት።

መምህሩ ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። አዲስ መጤ ወንድ አንዳንዴ የቀድሞውን ባል ጫጩቶች አውጥቶ ይጥላል አሉ። የራሱን እንድትወልድለት። "ሁሉም ግን አይደለም" ብለው ጨመሩ፤ ፊቴን አይተው ይመስለኛል።

"እንዴት እንዲህ ቶሎ?" አልኩ ለጎረቤቴ። "ትንሽ እንኳ አታፍርም?"

ምላጩን እያፋጨ "ብቻዋን ሆና ክንፏ እስኪረግፍ ትመላለስ ነው የምትይው?" አለ።

"ሐዘን የሚባል ነገር አለ።"

"አለ። አንቺ ካዘንሽ ስንት ዓመት ሆነሽ?"

ክር ላወጣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ገባሁ። ክር ግን መኪናው ላይ ነበረ።

ሰኞ

አዲሱ ድንቢጥ ፀጉር ቤት ገብቶ መስታወቱ ውስጥ ራሱን አየ። ሌላ ወንድ መስሎት ተናነቀው! እየበረረ ይመታዋል፣ ወደ ኋላ ይላል፣ ደግሞ ይመታዋል። ወንበር ላይ የነበረው ሰው ሳሙናውን እንደተቀባ ከነፎጣው ወደኔ ሱቅ ሸሸ፤ እዚያ ደግሞ ቀሚስ የምትለካ ሴት ነበረች፤ እሷም ጮኸች። ጎረቤቴ መስታወቱ ላይ አንሶላ ጣለበት። ያኔ ወፉ ያሸነፈ መስሎት እያቅራራ ወጣ።

"ይሄ ጅል ነው እንግዲህ የእንጀራ አባት የሚሆነው" አልኩ።

"ጅል ቢሆንም ቤቱን ይጠብቃል" አለ ጎረቤቴ።

ረቡዕ

ትል ይዞ ገባ! ባዶ አፉን ወጣ! በዓይኔ አየሁ፣ መምህሩም አይተዋል፤ ኮፍያቸውን አወለቁለት። ጎረቤቴ ግን ሳያይ ቀረ፤ ሮጬ ሄጄ ነገርኩት። ከሮጥኩ በኋላ ነው ስፌቴ እንዳልጎተተኝ ያወቅኩት።

ሐሙስ

ዛሬ ሁሉም ነገር ባንድ ላይ ሆነ። ሳልረሳ ልጻፈው።

ሰልፉ የፊታችን እሑድ ነው። ባንዱ በሙሉ ሊለካ መጣ፤ ከፊሉ የኔ ክፍል፣ ከፊሉ ፀጉር ቤት፣ ከበሮ መቺው በሩ መካከል። ሱሪ የሚለብስ አለ፣ ቁልፉ የጠበበው አለ፣ እስኪጠራ ልስተካከል ብሎ ወንበር የያዘ አለ። ጎረቤቴ እንዲህ ያለ ገበያ አይቶ አያውቅም። እኔ በአፌ መርፌ ይዤ እሯሯጣለሁ።

ከውጭ የወንድሜን ድምፅ ሰማሁ። በመዝጊያው በኩል። "እህቴ ታማለች፤ ግን ስፋቱን ያዩታል" ይላል። ስልክ ጠጋኙን ይዞት መጥቷል። ወዲያው ቁልፍ ሲገባ ሰማሁ። እሱም ቁልፍ አለው!

መርፌዎቹን እንዴት እንደተፋሁ አላውቅም። በፀጉር ቤቱ በኩል ወጣሁ። ጎረቤቴ ቀድሞኛል፤ መዝጊያው ላይ ጀርባውን አስደግፎ ቆሟል። ወንድሜ "ሰውዬ፣ ከራሴ ሱቅ ፊት ዞር በል" ይለዋል።

"ጋሼ፣ አትሳበው" አልኩ።

"ለወፍ ብለሽ ነው?"

"ለወፍም ነው። ለኔም ነው።" ድምፄ ወፍሮ ወጣ፤ የኔ አልመሰለኝም። "አርፈሽ ቁጭ በይ አትበለኝ። ካረፍኩማ እሞታለሁ። ና ግባና እይ።"

እጁን ይዤ በፀጉር ቤቱ አስገባሁት። ባንዱን አየ። የሰማያዊውን ጨርቅ ወርቃማ ጥብጣብ፣ ቀጥ ያለውን ኮሌታ አየ። የባንዱ አለቃ የሱቁ ባለቤት መጡ ብለው መሰለኝ ሰላምታ ሰጡት፤ ሱሪ ሳይለብሱ። ወንድሜ ወንበር ላይ ተቀመጠና ዓይኑን በእጁ ሸፈነ።

"ሆስፒታል ቱቦ ተሰክቶብሽ ሳይሽ ልጅነትሽ ነው የታየኝ" አለኝ። "መንገድ ሳሻግርሽ እጄን አታስለቅቂኝም ነበር።"

"አሁንም አላስለቀቅኩህም" አልኩት። እውነትም እንደያዝኩት ነበር።

ስልክ ጠጋኙን መርቆ ሸኘው። ሰውየው መች ዝም ብሎ ሄደ፤ ጺሙን ተስተካክሎ ነው እንጂ።

ዓርብ

ወጡ!

እናትየው የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ትል ይዛ ተቀመጠች፤ አልገባም አለች። ጠራች። የመጀመሪያው ብቅ አለ፣ ወደቀ ስንል በረረ። ሁለተኛው ተከተለ። መጨረሻ የቀረው ቀዳዳው ላይ ቆሞ ዓለምን አየና ተመልሶ ገባ። መንገዱ ዳር ሳሙና የተቀቡ፣ ካናቴራ ብቻ የለበሱ፣ ሜትር አንገታቸው ላይ ያለ ሰዎች ተደርድረን "አይዞህ! አይዞህ!" እንላለን። ጅሉ የእንጀራ አባት ከስር ቆሞ ይጮሃል፤ ድመቷ ብትመጣ መስታወት እንደመታው ሊመታት ነው መሰል። ወጣ። ተንገዳግዶ ሽቦው ላይ ደረሰ። መምህሩ አጨበጨቡ።

ከሰዓት በኋላ ወንድሜ ራሱ መጥቶ ባዶውን ጎጆ አነሳና መዝጊያውን ሳበው። ብርሃን ገባ። አቧራው ሁሉ ታየ።

እሑድ

ባንዱ አለፈ። አለቃው ከመሀል መለከታቸውን አንስተው አየር ሲስቡ ትንፋሼን ያዝኩ። ሳቡ፣ ሳቡ፣ ደረታቸው ሁለት በር አከለ። ስፌቱ ያዘ! ወንድሜ አጠገቡ ላለው ሰው ሁሉ "የሰፋችው እህቴ ናት" ሲል ሰማሁት። የማያውቃቸውን ሰዎች ነው።

ማክሰኞ

ሥራ ጥሩ ነው። ሰው በፊት ለፊት ይገባል። መካከለኛው በር ገርበብ እንዳለ ነው፤ ሰው አይመላለስበትም። ዝምታው ለሥራ ይመቻል። ዓይኔን የሚያሳክከኝ አቧራው ነው።

ጎረቤቴ ዛሬ "እንደምን አደርሽ" ብቻ ብሎ አለፈ። ምን እንዲል ኖሯል?

ቅዳሜ

በፊት ለፊት በር ገባ። እንደ ደንበኛ። ጫማው ተወልውሏል፤ ጺሙን ራሱ ነው መሰለኝ የላጨው፤ አገጩ ላይ ትንሽ ተቆርጧል።

"ሱፍ እንድትሰፊልኝ ነው" አለ።

"ለምንህ?"

"ለሠርግ።"

"የማን ሠርግ?"

"እሱን ካንቺ ልሰማ ነው የመጣሁት።"

ሜትሬን ጠረጴዛው ላይ ፈለግኩ፤ ከጨርቁ ስር ፈለግኩ። አንገቴ ላይ መሆኑን እሱ ነው በጣቱ ያሳየኝ። ትከሻውን ለካሁ፤ ጻፍኩ። ደግሜ ለካሁ፤ ሌላ ቁጥር ወጣ። ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። ከመካከለኛው በር ወዲያ አንድ ሰው "ኧረ ሰውዬ! ግማሽ ጺሜን ይዤ ልቀር ነው?" ይላል። "ይቆዩ!" አለው ጎረቤቴ፣ ሳይዞር።

እጅጌውን ስለካ ክንዱ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ መሰላል ላይ አልወጣም እንጂ። መርፌ አፌ ውስጥ ስላለ መልስ ለመስጠት አልቸኮልኩም። ከዚያ መርፌውን አወጣሁ።

"ያንተ ሱፍ ቶሎ ይደርሳል" አልኩት። "ጊዜ የሚወስደው የኔ ቀሚስ ነው።"